ሻጋታ የሚመድቡት አማቴ

በየቤተሰቡ ያየውን ሁሉ ወገኑን ሳይለይ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። በኛ ቤት ይህ ሹመት የክቡር አማቴ ነው። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። የወጡት ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከማስተማሩስ አልወጡም።

የሻገተ ዳቦ ልጥል ስነሳ ከየት መጡ ሳይባል ከኋላዬ ይቆማሉ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ወገኑን እንወቅ።" ዳቦውን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ፀጉራም ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ከዳቦ ሻጋታዎቹ ወገን ነው። እርሾ፣ ዘራቸውን በከረጢት ከሚይዙት ወገን ነው። ዣንጥላ ዘርግቶ ደጅ የሚቆመው እንጉዳይ ደግሞ የሌላ ቤት ነው። ውሃ ውስጥ በጭራ የሚዋኙም አሉ። እነሱን፣ ተመስገን፣ እስካሁን ቤታችን ውስጥ አላገኟቸውም።

እሳቸው ፊት "እንጉዳይ ተክል ነው" ያለ ሰው አለቀለት፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አይለቁትም። "ተክል ምግቡን ራሱ ይሠራል። ይሄ ግን እንደኔና እንዳንተ ሌላው የሠራውን የሚበላ ነው።" አንዴ የቧንቧ ሠራተኛውን ካልሲ አስወልቀው በጣቶቹ መካከል ፈንገስ ፈልገዋል። ሰውየው የመጣው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊጠግን ነበር።

እኔ እዚህ ቤት የገባሁት ሚስቱ የሞተችበትን ልጃቸውን አግብቼ ነው። ባሌ ትንሽ ሴት ልጅ አለችው። አትጠላኝም፤ ግን አትጠራኝም። ስትፈልገኝ አጠገቤ መጥታ ትቆማለች፣ ወይ ቀሚሴን ትነካለች። በስሜም ሆነ በሌላ ጠርታኝ አታውቅም። እንዳይከብዳት ብዬ እንዲህ ብለሽ ጥሪኝ አላልኳትም።

ባለፈው እሁድ የአማቴ እህት ሊጠይቁን መጡ። ሻዩን ካቀረብኩ በኋላ ልጅቷን ጠጋ አድርገው፣ "ይቺ ማንሽ ናት? እንጀራ እናትሽ ናት አይደል?" አሏት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔም ባዶውን ትሪ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቃ፣ ስለ ሻጋታ ሊጀምሩ ነው አልኩ በልቤ። ጀመሩም።

"በኔ ጊዜ" አሏት የልጅ ልጃቸውን፣ "ወገናቸው ያልታወቀ ፈንገሶችን ለብቻ እናቆያቸው ነበር። ዘራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ገና ስላላየን፣ የእንትና ወገን ናቸው ብለን አንፈርድም። እንጠብቃለን።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪታወቅ ነዋ።"

ልጅቷ አሰበችና በአገጯ ወደኔ አመለከተች። "እሷስ የት ትመደብ?"

አማቴ አልመድብም ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እሱን እኔ አላውቅም" አሉ። "የምታውቂው አንቺ ነሽ። ባታውቂም ግድ የለም፤ እሷ የትም አትሄድም።" እህታቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ብስኩት አስጨበጧቸው። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝ።

ፊቴን እንዳያዩት ወደ ወጥ ቤት ዞርኩ። ልጅቷ ተከትላኝ መጥታ የትሪውን አንድ ጫፍ ያዘችልኝ።

"እማ፣ ይከብዳል?"

"አዎ" አልኳት፣ "በጣም ይከብዳል።" አንድ ላይ ተሸክመን ገባን።