ያለ እንቁላል የተነሳው የእትዬ ሸዋጌጥ ኬክ

ተቆረሰ! እሰይ፣ ተቆረሰ፤ ተበላ፤ ፍርፋሪው እንኳ አልቀረም። የማን እንደሆነና ማን እንደቆረሰው ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። ደስታው ከእኔ ቀድሞ ስለወጣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሰው ጎጆ በቀለሰበት አገር ሁሉ "ያለሱም ይሆናል" የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። ነቀምት ላይ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ደርሳለች። ጉቴ ከተማ ላይም አለች። አኖ ላይ መኪናው ሲቆም ወርዳችሁ ብትጠይቁ ቤቷን ያሳዩአችኋል። ጨው ቢያልቅ፣ ገመድ ቢበጠስ፣ ሚዜ ቢታመም አትደነግጥም፤ ጓዳ ትገባና የሆነ ነገር ይዛ ትወጣለች። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ሸዋጌጥ ናቸው፤ የጓዳ ጠቅላይ ገዥ፣ የጎደለ ነገር ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ከሸዋ ከመጡ ጀምሮ አጥራችን አንድ ነው።

የፋኖሳቸው ብርጭቆ ሲሰበር የጠርሙስ ቂጥ ቆርጠው ገጠሙበት። ነፋስ ሲመጣ ያፏጫል ብላቸው፣ "ታዲያ ሙዚቃም አገኘን ማለት ነው" አሉኝ። የግድግዳ ሰዓታቸው የቆመ ጊዜ በበራቸው ወደ ሥራ የሚያልፈውን ፖሊስ ሰዓት አደረጉት፤ ፖሊሱ ሚስት ሲያገባ የቤቱ ምሳ ሁሉ ዘገየ። ከሁሉ የባሰው ግን የማኅበራቸው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶ አንሺው መጥቶ መሣሪያውን ከተከለ በኋላ አንዲት ማኅበርተኛ ዘመድ ልትጠይቅ አገር ቤት መሄዷ ታወሰ። እትዬ ሸዋጌጥ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። የወንጌላውያን ልጅ መሆኔን፣ እሑድ እሑድ የት እንደምዘምር እያወቁ ነጠላ አከናነቡኝና መሀላቸው አቆሙኝ። "ፊትሽን ትንሽ ዘንበል አድርጊው፤ አንቺም ትሆኛለሽ" አሉ። ሆንኩ።

አሁን ወደ ኬኩ ልምጣ።

የእትዬ ሸዋጌጥ ልጅ አበጋዝ ሎሚን አግብቶ እናቱ ቤት አስገብቷታል። ሎሚ የጉቴዋ የአዴ ቀለሟ ልጅ ናት፤ "አዴ" እኛ ዘንድ "እትዬ" እንደማለት ነው። አዴ ቀለሟ ኬክ መጋገር የተማሩት ከሚሲዮን ሴቶች ነው፤ በዚህ ሙያ እኔን ጨምሮ የሚደፍራቸው የለም። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራይቱን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ እንቁላሉም ቅቤውም የተትረፈረፈበት ትልቅ ኬክ ተሸክመው መጡ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እትዬ ሸዋጌጥ ኬኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ንጹሕ ጨርቅ አለበሱ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡ። ረቡዕ ጾም መሆኑን የማያውቅ ፍጡር ይኖራል ብለው አላሰቡምና አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ያመጣውን ፊቱ ሳይቀምሱለት ጨርቅ ማልበስ፣ እጅህን ተጸየፍን ከማለት አይለይም። አዴ ቀለሟ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ተነስተው ሄዱ። ሎሚ በኋላ ነገሩን ብታስረዳቸው "ለአማትሽ ታደያለሽ" ብለው አላመኗትም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሲገናኙ ከ"አካም ጂርቱ" ሰላምታ አልፈው አያውቁም።

በዚህ ሁዳዴ ሎሚ ሴት ልጅ ወለደች። አዴ ቀለሟ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ልጃቸውን አይተው ከዚያው ተመለሱ። የአማቻቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ሎሚ አራስ ቤት ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር አበዛች። ይሄኔ ነው እትዬ ሸዋጌጥ በአጥሩ ላይ የጠሩኝ።

"ያንኑ ኬክ እሠራለሁ" አሉኝ። "ከአንድ ሳህን አብረን እንድንበላው፤ እሳቸው እንዳይቀርባቸው፣ እኔም እንዳልገድፍ።"

"ሁዳዴ ላይ? እንቁላሉስ እትዬ?"

"ያለሱም ይሆናል።"

ዶሮዎቼ ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው እግዜር ይወቅ። እኔ ግን ቀማሽ ሆኜ ተሾምኩ። የማልጾም ስለሆንኩ ከጠዋት ጀምሮ መቅመስ እችላለሁ፤ የእውነተኛውንም ኬክ ጣዕም አውቃለሁ።

መጀመሪያ የሽምብራ ዱቄት ያያይዘዋል አሉ። በብረት ድስት አድርገን፣ ፍሙን ከሥርም ከክዳኑም ላይ አደረግን። ዱቄቱ የተዘገነው ከሽሮው ቆርቆሮ መሆኑን ያወቅነው ሽታው ሲነሳ ነው። ባለቤቴ ጉሉማ በእንጀራ በላው፤ እንዲያውም ነገም ይደገም ብሏል። ቀጥሎ ሙዝ ጨፍልቀን ሞከርን። ሽታው ልብ ይሰርቃል፣ ግን መሀሉ ሰርጉዶ ጉድጓድ ሆነ። እትዬ ሸዋጌጥ ጉድጓዱን በማር ሊሞሉት ዳዳቸው፤ "ያለ መሀሉም ይሆናል" ሲሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጣኋቸው። አዴ ቀለሟ ጉድጓድ አይጎርሱም አልኳቸው።

ድስቱን አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ ጓዳ ገብተው ተልባ ይዘው ወጡ።

ያልተቆላ ተልባ ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፉት። ቆይቶ በማንኪያ ሲያነሱት እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። እሱን ከስንዴ ዱቄቱ፣ ከስኳሩና ከኑግ ዘይቱ ጋር መቱት። የቀረው እንዲነሳ ማድረግ ነበር። ባለሱቁ ወሰኔ ቢካርቦኔት ከነምክሩ ሰጠኝ፤ መጨረሻ ላይ ከአቼቶ ጋር አገናኙትና ቶሎ ክደኑት አለ። ስናገናኘው አረፋው ደፈቀ፤ እትዬ ሸዋጌጥ አማተቡ፣ እኔ ክዳኑን ደፋሁት። ከዚያ ክዳኑን ከእጃቸው መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። በመጨረሻ ስንጥር ሰክተን ስናወጣው ንጹሕ ወጣ። ኬኩ እስከ ድስቱ አፍ ደርሷል።

ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አዴ ቀለሟ መጡ። ሎሚ ስታለቅስ መክረሟን መልእክት ልኬባቸው ነው። ለአራሷ ቅቤ ይዘዋል። ልጅቷን አቅፈው፣ ስመው፣ እንደቆሙ መልሰው ሰጡና ልሂድ አሉ። የጾም ቤት ነው፣ አላስቸግራችሁም አሉ።

እትዬ ሸዋጌጥ ሳህኑን ይዘው ከፊታቸው ቆሙ። ኬኩ አልተቆረሰም። ቢላዋውን ዘረጉላቸው።

"እርስዎ ይቁረሱት" አሉ። "ያን ቀን ረቡዕ ነበር፣ እህቴ።"

"ረቡዕ መሆኑንማ አውቃለሁ። ታዲያ ረቡዕ ምን አደረገ?"

"ኬኩ እንቁላል ነበረበት፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን አበጋዝና እኔ ተሻምተን ጨረስነው።"

አዴ ቀለሟ ቢላዋውን ተቀብለው ኬኩን ቆረሱ። እትዬ ሸዋጌጥ ቀድመው ጎረሱ፣ እሳቸው ፊት። አዴ ቀለሟ ይህንን አይተው ነው የቀመሱት። ያኘኩት ቀስ ብለው ነው፣ እንደ ባለሙያ።

"ስንት እንቁላል ገባበት?"

"አንድም።"

ወደ እኔ ዞሩ። የሰፈሩ ዶሮ የእኔ መሆኑን ያውቃሉ። "ድርቤ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ሰጠሻቸው?"

"ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አንድም አልወሰዱም፣ አዴ። በተልባ ነው የተሠራው።"

ሁለተኛ ቁራሽ አነሱ። ከዚያ፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ ተቀመጡ። ሎሚ ከአልጋዋ ቀና ስትል አየኋት። "ተልባ ከሆነ የጉቴው ይሻላል" አሉ አዴ ቀለሟ፤ "ደግሞ ዘይቱ በዝቷል።" እትዬ ሸዋጌጥ እንዲህ ሲታረሙ ደስ ሲላቸው ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ሁለቱ ሲጫወቱ አዴ ቀለሟ ቀና አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አዩ። "ይቺ ድርቤ አይደለችም እንዴ? ከመቼ ጀምሮ ነው ማኅበርተኛ የሆነችው?" ብለው ሳቁ። እኔ ሐፍረቴን ይዤ ያቺ የቀረችው ሴት ከአገር ቤት ከተመለሰች ቆይታለች፣ ይህ ፎቶ መቀየር ነበረበት አልኩ።

"ፎቶ አንሺውም እንደገና ላንሳችሁ ብሎ መጥቶ ነበር" አሉ እትዬ ሸዋጌጥ፣ ኬኩን እየቆረሱ። "መለስኩት። ያለ ድርቤማ አይሆንም።"

ይህን ያሉት ወደ እኔ ሳያዩ ነው። ትልቁን ቁራሽ ግን ለእኔ ሰጡኝ። ለፋሲካ ከየዶሮው ሥር የማገኘውን እንቁላል ሁሉ ለእሳቸው አጠራቅማለሁ፤ ያለሱም ይሆናል ቢሉኝ አልሰማቸውም።

በሉ ልሂድ። ወሰኔ የኬኩን መነሳት አለመነሳት ልስማ ብሎ ሱቁን ሳይዘጋ እየጠበቀኝ ነው፤ በነጠላዬ ጫፍ ቁራሽ ቋጥሬለታለሁ።