ስልክ ያላነሳው ሹፌር ጉዳይ

የጥም ቆራጭ የታሸገ ውሃ ማከፋፈያ የመንገድ ደህንነት ኮሚቴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ገርጂ፣ መጋዘን ውስጥ። ለ3፡00 ተጠርቶ 3፡40 ተጀመረ።

የተገኙ፦ አቶ ተወልደብርሃን፣ ሥራ አስኪያጅና ሰብሳቢ፤ ወ/ሮ ወይንሸት፣ የሽያጭ ኃላፊ፤ ሙራድ፣ ሹፌርና ተከሳሽ፤ ሰምሃል፣ ጸሐፊ።

ያልተገኘ፦ ሀሩን፣ ሹፌር፤ ውሃ ጭኖ ወደ ቦሌ አራብሳ በመጓዝ ላይ። ከአምስት አባላት አራቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ እያሽከረከሩ ስልክ ማነጋገርን ስለማስቀረት

ሰብሳቢው መሪ የያዘ ሰው ስልክ ቢያነሳ ነፍስ እንደሚጠፋ በስፋት አብራርተዋል። ማብራሪያው ሰብሳቢው ባነሷቸው ስልኮች በየመሃሉ ተቋርጧል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የሚያሽከረክር ሹፌር ማንም ቢደውልለት እንዳያነሳ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተጨበጨበ።

አጀንዳ 2፦ ሹፌር ሙራድ ማክሰኞ ዕለት እያሽከረከረ ስልክ ባለማንሳቱ የመኪና ቁልፉን ስለመንጠቅ

ሰብሳቢው «የት ደረስክ?» ለማለት ደጋግመው ደውለው እንዳልተነሳላቸው፣ ይህም ንቀት እንደሆነ ገልጸዋል። ሙራድ በበኩሉ፣ «ጋሼ፣ መድኃኔዓለም ጋ እግረኛ እያሳለፍኩ ነበር። ደግሞ አሁን አይነሳ ብለን አጨብጭበን የለም እንዴ?» ብሏል። ሰብሳቢው ውሳኔው የሚመለከተው የሌላ ሰው ስልክ እንደሆነ አስረድተዋል። ወ/ሮ ወይንሸት የአለቃ ስልክ ሐሳብ የሚበትን ሳይሆን የሚሰበስብ ነው በማለት ደግፈዋል። ሙራድ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚሁ ቁልፍ መሆኑን አመልክቷል፤ አሳዝኗል። ቁልፉ እንዲነጠቅ ተወስኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

አጀንዳ 3፦ ውሳኔ 1ን ለሀሩን ስለማሳወቅ

መንገድ ላይ ስላለ በስልክ እንዲነገረው ተወሰነ። ሰብሳቢው ደወሉ፤ አላነሳም። ወ/ሮ ወይንሸት ደወሉ፤ አላነሳም። ጸሐፊዋ ሀሩን ውሳኔውን ሳይሰማው እያከበረው ሊሆን እንደሚችል ጠቁማ፣ ሐሳቡ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይሰፍር ታዝዟል።

ሰብሳቢው «ገደል ገብቶ ይሆን እንዴ?» ብለው ሰግተዋል። ወ/ሮ ወይንሸት «ለልጁ ነው ለውሃው የሰጉት?» ብለው ጠይቀው፣ «ለሁለቱም» የሚል ምላሽ አግኝተዋል። ሄዶ የሚያይ ሲፈለግ መንጃ ፈቃድ ያለው ሙራድ ብቻ ሆነ። ሙራድ ቁልፍ የሌለው ሹፌር አራብሳ በእግሩ እንደማይሄድ አስታወቀ።

ስለዚህ ከረጅም ውይይት በኋላ ውሳኔ 1 እና 2 ተሽረዋል፤ ቁልፉ ለሙራድ ተመልሷል፤ ማንኛውም ሹፌር በማንኛውም ፍጥነት ላይ ሆኖ ስልክ እንዲያነሳ ተወስኗል። ሙራድ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

መኪናው ከግቢ እንደወጣ ሰብሳቢው «የት ደረስክ?» ሊሉት ደወሉ። የሙራድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ማን ያንሳው በሚለው ላይ ስምምነት ባለመደረሱ ስብሰባው 5፡10 ላይ ተበተነ።