መምህርት ሰዓዲያን አንኮበር ለማሳየት የተቋቋመው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከሚሴ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት (የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል)
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡00 ተብሎ 2፡35

የተገኙ፦
1. አቶ ሙሀመድኑር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. ሸህ አቡበከር፣ የጥበቃ ሠራተኛና የአገር ሽማግሌ፣ አባል
3. ከማል፣ የስፖርት መምህር፣ አባል
4. ወ/ሮ ሶፍያ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ አባል
5. ሙጂብ፣ የሒሳብ መምህር፣ "ጽሑፍህ ያምራል" ተብሎ በግድ ጸሐፊ
6. መምህርት ሰዓዲያ፣ የክብር እንግዳ

ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ ሰብሳቢው ስብሰባውን ከፍተዋል። መምህርት ሰዓዲያ 34 ዓመት ታሪክ ሲያስተምሩ በየዓመቱ ስለ አንኮበር አስተምረው አንድም ቀን እንዳላዩዋት፣ በሰኔም ጡረታ እንደሚወጡ አስታውሰው፣ "ሳናሳያቸው ብናሰናብታቸው ነውር ነው" ብለዋል። መምህርቷም "ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ዘንድሮ ካላየኋት ቀረሁ። ብቻ ቶሎ በሉ" ማለታቸው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ብርድ

ከማል የከሚሴ ሰው ጣርማ በርን ሲያልፍ ጆሮው እንደሚረግፍ አስረድቷል። ወ/ሮ ሶፍያ የከማል ጆሮ ቢረግፍም ሰምቶበት ስለማያውቅ ጉዳት እንደማይኖረው ገልጸዋል። ሰብሳቢው ሥርዓት አስከብረዋል። ብርዱን ቀድሞ ሄዶ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ አጣሪው ራሱ ስለሚበርደው ውድቅ ሆኗል። ከረጅም ውይይት በኋላ ለአንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ እንዲያዝ ተወስኗል። በዚህ መሀል መምህርት ሰዓዲያ "መጣሁ" ብለው ቦርሳቸውን ይዘው ወጥተዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሥጋ

ሸህ አቡበከር በማያውቁት እጅ የታረደ እንደማይበሉ አሳስበዋል። ጸሐፊው በአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባ የሙስሊም ከተማ መሆኗን ቢጠቁምም፣ "አንተ ጻፍ" ተብሏል። ከጨፋ ሮቢት ገበያ ፍየል ተገዝታ በሕይወት እንድትጓዝና ሸሁ በእጃቸው እንዲያርዷት ተወስኗል። ፍየሏ ለጉዞው በሚከራየው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ብትጫን ብርድ ስለሚመታት ወንበር ይሰጣታል፤ የሚይዛት ሰውም አጠገቧ ይቀመጣል።

ለዙህር ሰላት እረፍት ተደርጓል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ዱዓና ስለ ወንበር

ያለ ዱዓ ጉዞ እንደማይወጣ ሁሉም ተስማምቷል። ሸሁ "ዱዓ ያደረገልህን ሽማግሌ መንገድ ዳር ጥለህ ከሄድክ ዱዓው ከሱ ጋር ይቀራል" በማለታቸው አራት ሽማግሌዎች ተጨምረዋል። ሚኒባሱ ከሾፌሩ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ይይዛል። ድልድሉም፦ ኮሚቴ አምስት፣ ሽማግሌዎች አራት፣ ፍየልና ያዥዋ ሁለት። ብርድ ልብሱ በጭን ይያዛል።

ጸሐፊው መምህርት ሰዓዲያ ወንበር እንዳላገኙ አመልክቷል። ሰብሳቢው "እሳቸው የክብር እንግዳ ናቸው፣ ይረዱናል" ብለዋል። ከማል ፎቶ አንስቶ ሊያመጣላቸው ቃል ገብቷል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። የጸሐፊው እጅ መነሣቱ እዚህ ላይ ይመዝገብ፤ ያፍርበታልና።

ልዩ ልዩ

8፡50 ላይ የሰብሳቢው ስልክ ጮኸ። የመምህርት ሰዓዲያ ድምፅ በስፒከር ተሰማ፤ ነፋስ ይነፍስ ነበር።

"አንኮበር ነኝ" አሉ። "እናንተ ብርድ ልብስ ስትቆጥሩ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና አገኘሁ። ከዚያ ሌላ ተሳፈርኩ። አሁን ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ጉብታ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንዲት የሰፈሩ ሴት እጄን ይዛ አወጣችኝ። ወላሂ፣ ስንቱን ልጅ በስህተት አስተማርኩ! ሜዳ ያልኩት ሁሉ ገደል ነው። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ኑ እንጂ! በኦሮምኛም ልበላችሁ፣ ኮታ!"

ከዚያ አለቀሱ። ሸህ አቡበከር "አልሐምዱሊላህ" ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ። ወ/ሮ ሶፍያ ወደ መደርደሪያው ዞሩ።

ውሳኔ

ከማል መምህርቷ ያለ ኮሚቴ ፈቃድ በመጓዛቸው ማብራሪያ እንዲጠየቁ ሐሳብ አቅርቦ ደጋፊ አጥቷል። ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ኮሚቴውም ፈርሷል። ምክንያት፦ አይተዋታል።

ስብሰባው 9፡10 ላይ ተበትኗል።