የእኔ ዲፈረንሻል፣ የሐንዲሶ ስም

ሰው ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚፈልገው ይቅርታ ይመስላችኋል? አይደለም። ስም ነው፤ የሌላ ሰው ስም። ሳህን የሰበረ ልጅ የድመቷን፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ የመምህሩን ስም ይጠራል። እኔ መምህሩ ነኝ። እኔ ደግሞ የመካኒኩን ጠራሁ።

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ ፒክአፕ አለኝ፤ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት ለመውጣት የተፈጠረ፣ አስፋልት ላይ ግን ከሰማንያ በላይ ሲጠይቁት ሊታረድ እንደተጋደመ በሬ የሚጮህ። ሚኒባስ ሲያልፈኝ ችዬ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከአዲሎ ስመለስ ግን የቀድሞ ተማሪዬ በሞተር ብስክሌት አልፎኝ በአክብሮት እጁን አነሳልኝ። ያቃጠለኝ አክብሮቱ ነው።

ወደ ጋሽ ሐንዲሶ ሄድኩ። በጃጁራ መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ጥቂት እየተናገሩ ብዙ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። የፈለግኩት የኋላው ዲፈረንሻል ጥርስ እንዲቀየርልኝ ነበር፤ ሞተሩ አምስት ጊዜ ያህል ዞሮ ጎማውን አንዴ የሚያዞርበት ወጥቶ፣ አራት እንኳ ሳይሞላ የሚያዞርበት እንዲገባ።

“መምህር፣ ይሄ ጥርስ ይሮጣል እንጂ አይወጣም” አሉኝ። “ሞተርህ ደክሟል። ዳገት ላይ ጭነት ይዘህ ያስቸግርሃል። ተው።”

በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ “በፍጥነት ያገኘነውን በጉልበት እንከፍላለን” ብዬ ጽፌ ነበር። ግን ሰሌዳ ለተማሪ ነው። “እርስዎ ብቻ ይቀይሩልኝ” አልኳቸው። ቀየሩልኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እኔን ሊመክረኝ የነበረው መከራ ግን በሌላ ሰው ላይ ወረደ።

ወይዘሮ ታደለች በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ ናቸው። ታናሽ እህታቸው ሞርሲቶ ከተማ ሞቱባቸው። እሳቸውን ጋቢና፣ የዕድራችንን ሴቶች ከኋላ ጭኜ ወደ ቀብሩ ገሰገስኩ። አስፋልቱን እንደ ንፋስ ጨረስነው። ከዚያ የጥርጊያ መንገዱ ዳገት መጣ፤ ዝናብ የመታው። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ሞተሩ አቃሰተና ጠፋ። ደገምኩ፤ ፍሪሲዮኑ ሸተተ፣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሁሉም ወረዱ። ወይዘሮ ታደለች በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፈው፣ የነጠላቸው ጥለት ጭቃ እየጠረገ፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። እኔ መሪ ይዤ ከኋላ አየኋቸው።

ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። እህታቸውን አልተሰናበቱም።

“ምን ነካው መኪናውን፣ ልጄ?” አሉኝ ሲመለሱ። ድምፃቸው ቁጣ እንኳ የለውም።

“ሐንዲሶ ነው” አልኩ። “ሲሠራ አበላሸብኝ።” “ጋሽ” የምትለዋን ቃል እንኳ ዳገቱ ላይ ጥያት መጥቻለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሳምንቱ ሾፌሮቹ ያንን ዳስ እያለፉ ሌላ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። እኔም ባዶ ዳሱን ላለማየት በጓሮ መንገድ እመላለስ ጀመር። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከረምኩና፣ እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ ዳሱ ሄድኩ። ንጹሕ መፍቻዎቻቸውን እንደገና ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

“ጋሽ ሐንዲሶ፣ ስምዎን ያጠፋሁት…”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ? መክሬው ነበር ቢሉ ሰው ያምንዎታል።”

ጨርቃቸውን አጠፉ። “ሁለት ልጆቼን የምታስተምረው አንተ ነህ። መምህራችሁ ውሸታም ነው ካልኳቸው፣ ደብተር ሲገልጡ ምን ብዬ አጥኑ እላቸዋለሁ?”

ተነስተው የድሮውን ጥርስ ግራሶ ቀብተው ከጠቀለሉበት ማዳበሪያ አወጡና ከመኪናዬ ሥር ገቡ።

እሁድ በዕድሩ ስብሰባ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ጋሽ ሐንዲሶ መከሩኝ፣ እምቢ አልኩ፣ ዋሸሁ። ከዚያ ወይዘሮ ታደለች ዓይናቸውን ጠረጉ። “ተባረክ፣ ልጄ። ሰው እንዳይከፋው ብሎ የሌላውን ጥፋት በራሱ ላይ የሚወስድ ዛሬ ከየት ይገኛል?”

“እውነቴን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ።

“ትሕትናውስ” አለ አንዱ ከኋላ። አጨበጨቡልኝ።

ለሟቿ አርባ ያንኑ ዳገት እነዚያኑ ሴቶች ይዤ ወጣሁት። መኪናው እንደ ፍየል ወጣ። “ሐንዲሶም ሰው ነው፤ ጥፋቱን አምኖ አረመ” ተባለ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሰው የሚለውን ስነግራቸው ጋሽ ሐንዲሶ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። “ተወው መምህር፤ ሥራው መጥቷል።”

እሳቸው ባላጠፉት ጥፋት ይቅር ተብለው፣ እኔ ባጠፋሁት ተመርቄ እንኖራለን። ምርቃት እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር። ይኸው ለእናንተም ተናዘዝኩ። አደራ፣ እናንተ እንኳ እመኑኝ።