የገነት ካላማዳሪና የእኔ ፍላሚንጎዎች

ባልና ሚስት በሥራ ቀን አይጣሉም። ለመጣላት ጊዜው ከየት ይመጣል? ጠዋት አንዱ ታክሲ ይጋፋል፣ ሌላው ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ይሮጣል፤ ማታ ደግሞ ራት ከተበላ በኋላ ዜናው ሳያልቅ ሁለቱንም እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ጠቡ ያለው ዕረፍት ላይ ነው። ዕረፍት ማለት ሁለት ሰዎች የሚያሳብቡበት ሥራ አጥተው፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» የሚባባሉበት ጊዜ ነው። ያላገባችሁ የዚህን ጥያቄ አደገኛነት አታውቁትም። ያገባችሁ ደግሞ ይኸው አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ ነው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ልደታ፣ ፍርድ ቤቶቹ አጠገብ አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ከሳሹም ተከሳሹም የሚያስተይበው እኔው ጋ ነው፤ አንዳንዴም እየተገላመጡ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ለፍቺ ምክንያት ሲባል ያልሰማሁት ነገር የለም፤ አማት ሰምቻለሁ፣ መጠጥ ሰምቻለሁ፣ ማንኮራፋት እንኳ ሰምቻለሁ። «ላንጋኖ ለዕረፍት ሄደን እሷ ውሃ ስትል እኔ ወፍ ስል ተለያየን» ብሎ ያስተየበኝ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም። ለጥቂት እኔ ራሴ የመጀመሪያው ልሆን ነበር።

ፍርድ ቤት ለክረምት ሲዘጋ የእኔም ቤት አብሮ ይተኛል። ልጆቻችን እናቴ ጋ ብንተዋቸው የማያለቅሱበት ዕድሜ ላይ በደረሱበት ዓመት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዳኞቹ ከመመለሳቸው በፊት እኔና ባለቤቴ ገነት ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን ብቻ ላንጋኖ ልንሄድ ተስማማን። ሐሙስ ማታ ገብተን ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። መኪናው የታላቅ ወንድሜ ቮልስ ነው፤ እሑድ ሳይመሽ እንድመልስለት አስምሎኛል። ላንጋኖ በሚለው ተስማማን እንጂ ላንጋኖ ደርሰን ምን እንደምናደርግ አልተነጋገርንም። ምኑን እንነጋገራለን? እኔ እንደሆንኩ አገር ለማየት ነበር የምሄደው። ገነት የምትሄደው ግን ማዕበል ልትጋልብ ነው።

አትሳቁ። የገነት አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንድ ልጃቸውን ጋቢና አስቀምጠው ይዘዋት ይወርዳሉ። ወደቡ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ትርፉን ካላማዳሪ፣ ያንን ጎማ ውስጥ የሚገባውን ጥቁር ላስቲክ፣ ነፍተው ባሕሩ ላይ ይለቁላታል። ልጅቱ በደረቷ ትተኛበታለች፤ ማዕበሉ ከኋላዋ ሲመጣ በእጇ ትቀዝፍና ከእሱ ጋር እኩል ተነሥታ አሸዋው ድረስ ትመጣለች። አባትየው ሲጋራቸውን ይዘው ዳር ቆመው ያያሉ። «አየኸኝ አባዬ?» ትላቸዋለች። «አየሁሽ» ይሏታል። ጨዋታው ይኸው ነው። ገነት ይህን ታሪክ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔም በነገረችኝ ቁጥር ወደቡ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መርከቦቹም የየት አገር እንደሆኑ እጠይቃታለሁ። ምን ላድርግ፣ ማየት የምወድ ሰው ነኝ።

ካላማዳሪው ዛሬም አለ፤ አልጋችን ሥር ነው የሚያድረው። ለመንገዱ ስንዘጋጅ ገነት አብነት ወዳለ ጎሚስታ ወሰደችውና አስለጠፈችው፤ ልጥፉ መያዙን አይቼ ካላመንኩ አይተነፍስም ብላ እንደተነፋ ይዛው መጣች። የከባድ መኪና ካላማዳሪ ቮልስ ጣሪያ ላይ ታስሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናዋ ባርኔጣ ያደረገች ነው የምትመስለው። በልደታ ስናልፍ የሚያውቀንም የማያውቀንም ቆሞ አየን። አንዱ ታክሲ ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ ቮልስ እንዲህ ያለ ጎማ መውሰድ የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገነት ሳቀች። እኔ መስታወቱን ዘጋሁ።

መንገድ ላይ ነው ጠባያችን የተለየው። እኔ ዝዋይ ሐይቅ ስንደርስ መኪና አቁሜ እወርዳለሁ፤ እሷ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ይሄ ማዕበል አለው?» ትለኛለች። የለውም ስላት «እንሂዳ» ትላለች። ለእሷ ሐይቅ የሚመዘነው በዚሁ ብቻ ነው። እንግዲህ እኔም ውል ስተይብ የምውል ሰው ነኝና ላንጋኖ ገብተን ሻንጣ እንዳስቀመጥን ስምምነት አቀረብኩ፤ ጠዋት ጠዋት አገር እናያለን፣ ከሰዓት ከሰዓት ውሃ፣ ማንም በማንም አያጉረመርምም። ላንጋኖ ላይ ነፋሱ የሚነሣው ከምሳ በኋላ ስለሆነ ተፈጥሮም ፈርማልናለች ማለት ይቻላል። ገነት ወዲያው ተስማማች። ቶሎ የሚፈረም ውል ጣጣ እንዳለው ሥራዬ አስተምሮኝ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት አቢጃታ ወፍ ለማየት ሄድን። ከወንድሜ ካሜራ ተውሻለሁ፤ ፊልሙ አንድ ስለሆነ እየቆጠብኩ ነው የማነሣው። ፍላሚንጎዎቹ ከዳሩ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ጭቃውን እየረገጥኩ ተጠጋሁ፣ እነሱም ያንኑ ያህል ራቁ። ስመለስ ገነት ቮልሱ ውስጥ ተኝታ አገኘኋት። ስምምነቱ ላይ እንቅልፍ ክልክል ነው አልተባለም። ከሰዓት ደግሞ የመሰልቸቱ ተራ የእኔ ሆነ። ገነት በቁምጣና በካናቴራ፣ ካላማዳሪዋን አቅፋ ወደዚያ ቡናማ ውሃ ገባች፤ እኔ ቦርሳዋን ትከሻዬ ላይ፣ ፎጣዋን ክንዴ ላይ፣ የጋብቻ ቀለበቷን ትንሿ ጣቴ ላይ፣ ነጠላ ጫማዋን እጄ ላይ አድርጌ ዳር ቆምኩ። ዋና የማይችል ሰው ሐይቅ ዳር ያለው ማዕረግ ልብስ ጠባቂነት ነው። አንድ ጎረምሳ በአጠገቤ ሲያልፍ ቦርሳው እንደሚያምርብኝ ነገረኝ።

ልብስ ጠባቂ ምን ያያል? ልብሱን ነዋ። ከዚያ የተረፈውን ዓይኔን ግራሩ ላይ ላሉት ወፎች ሰጠሁ። በመሀል «እየኝማ!» የሚል ድምፅ ከውሃው ይመጣል፤ እኔም ከወፎቹ ሳልዞር «ጎበዝ!» እላለሁ። ቅዳሜም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ሻላ ፍል ውሃውን አሳየኋት፤ «ያምራል» አለች፣ የምታየው ግን ሰዓቷን ነበር። ከሰዓት ደግሞ እኔ ዳር ላይ አንድ ጨዋታ የሚያውቅ ጥበቃ አገኘሁና የላንጋኖ ውሃ ለምን እንደደፈረሰ እየጠየቅኩት ሳለ ገነት ውሃ እያንጠባጠበች ፊቴ ቆመች።

«አየኸኝ?» አለችኝ።

«አየሁሽ እንጂ!»

«ምን አየህ?»

«ስትመጪ ነዋ፣ ማዕበሉ ላይ።»

«ወድቄ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለች። «ካላማዳሪው ለብቻው ነው የደረሰው።»

ጥበቃው ቀስ ብሎ ሥራ አስታወሰና ሄደ። እሱስ መሄጃ አለው።

ማታ ራት ላይ ገነት አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ ነበር። ዓሣዋን እየበላች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ከርሞ እኔ ሁልጊዜ ላየው የምመኘውን ላሊበላዬን ሄጄ እንድጎበኝ፣ እሷ ደግሞ ከአክስቷ ልጅ ጋር እዚሁ እንደምትመጣ ነገረችኝ። መጣላታችን አይደለም አለች፤ ለየብቻችን ይሻለናል ማለቷ ብቻ ነው። እናንተ ይህችን ቃል እንደዋዛ ትሰሟት ይሆናል። እኔ ግን «ለየብቻችን ይሻለናል» የምትለውን ቃል ስንት ጊዜ ተይቤያታለሁ፤ ከየትኛውም ክስ በፊት የምትመጣው እሷ ናት። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ሶፋውን የሚካፈለው ሁሉ መጀመሪያ የተካፈለው ዕረፍቱን ነው። ፈራሁ። ዓሣዬም አልበላ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ቆርጬ ተነሣሁ። የሐዋሳን የዓሣ ገበያ ለማየት ነበር ያሰብኩት፤ ይቅር አልኩ፣ ዛሬ ቀኑ ሙሉ የገነት ነው። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ፣ ፎጣ ይዤ ብወጣ ገነት ሸራ ጫማዋን አጥብቃ አስራ፣ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በረንዳው ላይ ትጠብቀኛለች። እሷም ሌሊቱን ስታስብ አድራ ኖሮ ዛሬ አንተ ያልከውን ነው የምናየው አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ይሆናል አለችኝ። በሞቴ አልኳት። እኔ ልሙት አለችኝ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ከተገናኙ አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ ሲባባሉ ከኋላ የመጣው ባለጌ ገብቶ በልቶ ይወጣል። እኔና ገነትም በዚያው በረንዳ ላይ ስንለማመን ረፈደ። አስተናጋጁ መጥቶ ወለሉን በዙሪያችን ወለወለ። ሐዋሳም አልሄድን፣ ውሃም አልገባን። ሁለታችንም አሸነፍን ማለት ነው፤ ምሳ ደረሰ።

ከምሳ በኋላ ሻንጣውን ጭነን፣ ካላማዳሪውን ጣሪያ ላይ ልናስር ገመዱን ስንይዝ ነፋሱ ተነሣ። እንደ ሌላው ቀን አይደለም፤ የግራሩን ቅርንጫፍ አጎነበሰው። ሐይቁ ሽበት አወጣ። ወንድሜ ይጠብቀኛል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ገነት ሐይቁን አየች፣ ገመዱን አየች። ገመዱን ከእጇ ተቀበልኳትና «አንድ ጊዜ» አልኳት። ቦርሳውንም ፎጣውንም ቀለበቱንም ቮልሱ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ካሜራው ብቻ አንገቴ ላይ ቀረ፤ የመጨረሻዋን ፎቶ ለእሷ ቆጥቤያታለሁ።

ያን ቀን ሰው ማየት ምን እንደሆነ ገባኝ። ገነት እየቀዘፈች ሩቅ ሄደች። ማዕበሉ ሲነሣ ትጠፋለች፣ ሲወርድ ጥቁሩ ላስቲክና ጭንቅላቷ ብቅ ይላል። በጠፋች ቁጥር የልደታዋን እናት እጠራለሁ፤ ብቅ ስትል እተነፍሳለሁ። አባትየው ያን ሁሉ ሲጋራ ያጨሱት ለካ ወደው አይደለም። ወፍ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከዚያ አንዱ ትልቁ መጣ። ገነት ዞር ብላ አየችው፣ ተኛች፣ ቀዘፈች፣ አነሣት። የሁለት ልጆች እናት፣ እኔ ሽሮ ሲያርባት እንጂ ስትበር አይቻት የማላውቅ ሴት፣ ውሃው ጫፍ ላይ ሆና ፀጉሯ ወደ ኋላ እየተነሣ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እንዴት እንደምታምር ልነግራችሁ አልችልም። ካሜራ መያዜንም ረስቻለሁ።

ሌላም የረሳሁት ነገር ነበረ። እያየኋት ስጠጋ፣ ስጠጋ፣ ከነሱሪዬ ከነጫማዬ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቻለሁ። ካላማዳሪ ደግሞ ፍሬን የለውም። ጉልበቴን አገኘኝና ሦስታችንም፣ እኔ፣ እሷና ላስቲኩ፣ ተያይዘን ተገለበጥን። ስነሣ አፌ ውስጥ ላንጋኖ አለ። ካሜራው በየቀዳዳው ውሃ ይተፋል። ገነት አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖት፣ «አየኸኝ?» አለችኝ። መልስ ለመስጠት መጀመሪያ መትፋት ነበረብኝ። «አንድም አላመለጠኝ» አልኳት።

ወንድሜ ስለ ሰዓቱና ስለ ካሜራው ያለኝን እዚህ አልደግመውም። ፎቶ ቤቱም ፊልሙን አጥቦ ሲመልስልኝ ከፍላሚንጎውም ከፍል ውሃውም አንድ የወጣ የለም፤ ሁሉም ቡናማ ነው። እንግዲህ ልደታ ውስጥ መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው ሳይመረመር አይቀመጥም። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ልጆቻችን ምን ይዘንላቸው እንደመጣን ሲያዩ ቆይተው፣ መከዳችን ላይ ተደላድለው «እስቲ ምን አያችሁ?» አሉ። ፎቶ የለኝም። ከፍላሚንጎው ልጀምር አፌን ከፈትኩና ሳላውቀው ስለ ማዕበሉ ማውራት ጀመርኩ፤ እንዴት እንደተነሣ፣ እንዴት ዓይኗን ጭፍን አድርጋ እንደመጣች፣ በእጄ እያሳየሁ።

ገነት ጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና ብቅ አለች።

«እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም።»

«ጨፍነሻል» አልኳት። «ገና ሲያነሣሽ ነው የጨፈንሽው። የከፈትሽው እኔ ላይ ልትወጪ ስትይ ነው።»

«አልጨፈንኩም አልኩህ!»

«እኔ ነኝ ያየሁሽ ወይስ አንቺ?»

እማማ ዘነቡ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩ። ገነት የበሩን መቃን ያዘች። «አባዬም እንደዚህ ይለኝ ነበር» አለችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ዕቃ ስታጥብ ለረጅም ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማናት።

ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ገነት አሁንም አልጨፈንኩም ትላለች። ላሊበላን ገና አላየሁትም፤ እኔም በየዓመቱ ዳኞቹ ከመመለሳቸው በፊት፣ ቮልሱን ለምኜ፣ ነገሩን ለማጣራት አብሬያት ላንጋኖ እወርዳለሁ።