በአማቴ ቀሚስ ላይ የወጣ አይብ

ትንሽ የተማረ ሰው ያስቸግራል። ከማን ሰማሽ አትበሉኝ፤ ከራሴ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከለየሁ ወዲህ፣ የፈላ ውሃ ቆሻሻን ያጠፋል የምትለዋን ትምህርት እንደ ዳዊት እደግማታለሁ። የልጄን ጨርቅ እቀቅላለሁ፤ ማንኪያ እቀቅላለሁ። ባሌማ ከፋብሪካ ሲገባ፣ እኔንም እንዳትቀቅዪኝ ይላል።

የልጃችን ክርስትና እሑድ ሊሆን፣ አማቴ ቅዳሜ ጠዋት ከዘጌ በታንኳ መጡ። ልጁን አገላብጠው አዩና፣ «አንቺ ራስሽ ገና ልጅ ነሽ፤ ይህ ጡት ሲጥል ዘጌ እኔ ዘንድ ያድጋል» አሉ። ባሌ ሳቀ። ምን ያስቀዋል? አማቴ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

ከዚያ ለነገ ያመጡትን ጥልፍ ቀሚስ ሊያሳዩኝ ለብሰው ልጁን ቢያቅፉት፣ የጠባውን ሁሉ ደረታቸው ላይ አቀረሸው። ይስጡኝ እማማ፣ አሁን አጥቤ አደርሰዋለሁ ብዬ ተቀበልኋቸው። እንግዲህ እኔ የማውቀው ምንድን ነው? የፈላ ውሃ! ከድስቱ ገልብጬ አፈሰስሁበት። ወተቱ ቢጫ ሆኖ ጥልፉ ላይ ተጋገረ። በሳሙና ባሸው፣ ባሸው፣ ወይ ፍንክች! ከቀበሌ ሱቅ ያገኘናት ሳሙናም አለቀች።

የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄ ባል ልኳንዳ ነጋዴ ናቸው፤ እትዬ ብርቄም ዕድሜያቸውን ሙሉ ደም የነካው ልብስ አጥበዋል። ቀሚሱን ሳሳያቸው፣ «ምነው አንቺ፣ አጠብሽው ወይስ አይብ አወጣሽበት?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይብ እንደሚሆን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ቀሚስ ላይም ይሆናል ብሎ ያስተማረኝ ግን የለም። ደምም፣ እንቁላልም፣ ወተትም እሳት ሲነካው ይጠነክራል አሉኝ። የተወቀጠ እንዶድ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ቀሚሱን ነከሩት። አረፋው እየገባ ያላቅቀዋል፤ ወተቱ ደግሞ አረፋውን ይበላዋል፤ አረፋው ሲጠፋ ጨምሪበት፣ አትቸኩዪ አሉ።

አትቸኩዪ? ለእኔ? አማቴ ከቤት ውስጥ፣ «ቀሚሴ ጣና ገባ እንዴ?» ይላሉ። እየደረቀ ነው እማማ እላለሁ፤ ቀሚሱ ገና ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። አረፋው ይጠፋል፤ እንዶድ እጨምራለሁ። ከሰዓት በኋላ በጣቴ ፋቅ ባደርገው አይቡ እየተላጠ ወጣ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አማቴ ጥልፉን እየዳሰሱ፣ «እንዲህ ነጭ ሆኖም አያውቅ! እጅሽ ንጹሕ ነው፤ ልጁ እዚሁ እናቱ ዘንድ ይደግ» አሉኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

በሳምንቱ ከዘጌ በመጣው ታንኳ አንድ ትልቅ ጥቅል ልብስ ላኩልኝ፤ የእሳቸው፣ የእህታቸው፣ የደብራቸው መሪጌታ ሻሽ ሳይቀር።