የበግ ሐኪም ሚስት ሲያጭ

ሰው ዶክተር ሲባል መጀመሪያ የሚጠፋበት ነገር ይሉኝታ ነው! ዶክተር ዘመድ ያላችሁ አትቆጡ፤ ማስረጃ ይዤ ነው የመጣሁት። ማስረጃዬ ጓደኛዬ ይማም ነው።

ይማም የሚያጠናው ትል ነው። አዎ፣ በበግ ሆድ ውስጥ የሚኖረውን ትል! እናቱ ወሎ ተቀምጣ «ልጄ ዐረብ አገር ትልቅ ተመራማሪ ነው» እያለች ሰፈሩን ታስቀናለች። ልጇ ግን አል ዐይን ከተማ ዙሪያ ከበረት በረት እየዞረ ከበግ ጭንቅላት ጋር ይታገላል። እንደ እሱ አባባል፣ መንጋውን በሙሉ መድኃኒት ከጋቱት ትሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በኋላ ቢግቱትም ደንታ የለውም። ስለዚህ የበጉን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ቀይ ከሆነ ደኅና ነው፣ ይለፈው። ከነጣ ደሙን ትል መጥጦታል፣ ይጋት። በቃ! ቀይና ነጭ ለመለየት ይሄን ሁሉ ዓመት መማር... እግዜር ያሳያችሁ!

ይሄ ሳያንስ ከበረት ሲወጣም አይተውም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን፣ ዳቦ የሚሸጥለትን፣ ሁሉንም ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው። የእኔንማ ስንት ጊዜ እንደገለጠው አትጠይቁኝ።

ይሄ ሰው ማግባት አማረው። ዘይነባን! ዘይነባ አል ሙዋይጂ ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ትሠራለች፤ የተዋወቁትም የማዳምን በጎች ሊያይ ሲመላለስ ነው። እሷ በግ ትይዛለች፣ እሱ ዓይን ይገልጣል... የፍቅራቸው ታሪክ ይኸው ነው። አጎቷ ሐጂ ሰይድ ፈላጅ ሃዛ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። ልጅቷን ሊጠይቁለት የታሰቡትን ሌሎቹን ሽማግሌዎች የሥራ ፈረቃ ያዛቸውና እኔ ብቻዬን ሽማግሌ ሆኜ በይማም መኪና ከአል ካራማ ሰፈር ተነሣሁ።

ወጉ እንደሆነ የሚያገባው ሰው ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባም። «መኪናህ ውስጥ ጠብቅ» አልኩት። በነሐሴ ሐሩር! አል ዐይን! ሐጂ በመስኮት አዩትና ደነገጡ።

«ያ ሰውዬ ሊሞት ነው እንዴ? አስገባው እንጂ፣ ያ አላህ!»

ገባ። ያኔ ነው ያለቀልኝ። ምሳ ቀርቧል፤ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«የ... ጤና ተመራማሪ ነው» አልኩ፣ በግ የሚለውን ቃል ውጬ።

«ትል ነው የማጠናው ሐጂ፣ የሆድ ትል» አለ ይማም፣ እጁን ወደ ትሪው እየሰደደ።

ሐጂ የራሳቸውን እጅ ሰበሰቡ። ቢሆንም ጨዋ ናቸውና ጨዋታ አመጡ። «እኔም አገር ቤት በጎች አሉኝ። በየጊዜው አንድም ሳይቀር አስግታቸዋለሁ።»

«እሱማ ትልቅ ስሕተት ነው!» ብሎ ተነሣላችሁ። «አንዴ ይፍቀዱልኝ» አለና ፈቃዱን ሳይጠብቅ የሐጂን ዓይን ገለጠ! የሚያጫትን ልጅ አጎት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቀይ ነው! እርስዎ አይጋቱም» አለ በኩራት።

ሐጂ ዓይናቸውን እያሹ ወደ ኋላ ሸሹ። ለጥቂት ሰዓት ከማዳም ተፈቅዶላት የመጣችው ዘይነባ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበርና ነገሩን ወደ ሳቅ ልትመልሰው ብላ መሰለኝ፣ «እስቲ የኔንስ?» አለች። ራሷ በጣቷ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳበችው።

ይማም አየና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ነጭ ነበር። ዶክተር ያልሆንኩት እኔ እንኳ ታየኝ።

«ዘይነባ... ይደክምሻል?»

«የማዳምን በጎች ዓይን ስትገልጥ አጠገብህ ቆሜ አልነበር?» አለችው። «ወገቤን ይዤ! አንድ ቀን ቀና ብለህ አይተኸኛል?»

ስሙልኝ እንግዲህ! መንጋውን አንድ ባንድ ያየ ሰው ሊያገባት የፈለጋትን አላያትም። አፈርኩለት፤ ተናደድኩም።

«ንጣቱ ከምን እንደመጣ ዓይን በማየት ብቻ አይታወቅም» አለ ይማም ቀስ ብሎ። «ደሟ መመርመር አለበት፤ አሁኑኑ።»

«ማዳም መች ትለቀኛለች? አሞኛል ስላት ‹ኸላስ፣ በቃ፣ በኋላ› ነው መልሷ።»

ሐጂ ወደ ይማም ዞሩ። «ልጄን የምትፈልግ ከሆነ ሂድና ከማዳሟ ፈቃድ አምጣ። ኒካሕ የምናወራው እሷ ከታከመች በኋላ ነው።»

ይማም የመኪናውን ቁልፍ ይዞ አመነታ። ለጥናቱ የማዳምን መንጋ የሚያክል የለም፤ ከተቆጣች በጎቿን ይዛ ትወጣበታለች። ቢሆንም መኪናውን አስነሣ፤ እኔም ተከተልኩት። አል ሙዋይጂ ደርሰን በሩን አንኳኳን። ማዳም ራሷ ከፈተች። ይማምን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዶክተር! በጎቼ ምን ሆኑብኝ?»

«በጎችሽ ደኅና ናቸው ማዳም። የታመመችው ዘይነባ ናት።»

ማዳም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «አስደነገጥከኝ እኮ!»